ለራሱም ሁለት የሰጠው ልጅ

አንዲት ልጅ ነበረች። አስተማሪ ናት እንዳልላችሁ አስተማሪ አይደለችም። ተማሪ ናት እንዳልላችሁ ተማሪ ብቻም አይደለችም። መሃል ላይ ናት። ራሷ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፣ በጎን ደግሞ ታናናሾቿን ታስተምራለች። ረዳት ይሏታል። ዶክተሩ ገብቶ ያወራል፣ እሷ ወረቀቱን ታርማለች። ዶክተሩ ስብሰባ ሲሄድ እሷ ትገባለች። ቦርሳውን አትሸከምለትም እንጂ ሌላውን ሁሉ ትሸከምለታለች።

ትምህርቱ ምን መሰላችሁ? ሊደርሺፕ። ሰው ሰውን እንዴት እንደሚመራ። እኔ ይሄ ነገር ትምህርት ቤት ይፈልጋል ብዬ አስቤም አላውቅ። አማቴ አንድ ፊደል ሳይቆጥሩ አርባ ዓመት ሙሉ ሰፈሩን ሲያንቀጠቅጡ ኖረው ነው ያረፉት። ለካ በዲግሪ ይሰጣል።

የት አወቅሻት እንዳትሉኝ፣ ግቢዬ ውስጥ አንዲቷን ክፍል ተከራይታ ነበር። ስሟን ሶስና እንበላት። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው። እሱን የምትፈልጉ ከጸሎቱ ስትወጡ ጠጋ በሉኝ።

ሶስና አንድ ነገር ትፈልግ ነበር። አንድ ብቻ። ስትጨርስ እዚያው ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆና መቅረት። አንዲት ቦታ ናት ያለችው፣ የምትገኘውም በዶክተሩ ቃል ነው። እሱ "ትሁን" ካለ ሆነች። ዝም ካለ ቀረች። ልጅቷ ሌት ተቀን ያቺን "ትሁን" ነበር የምትጠብቀው።

ዶክተሩ ተማሪዎቹን አምስት አምስት አድርጎ ከፈላቸው። እያንዳንዱ ቡድን መሪ ይመርጣል፣ ለሰው የሚጠቅም አንድ ሥራ ይሠራል፣ ሪፖርት ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው፣ በምስጢር፣ ለአራቱ ጓደኞቹና ለራሱ ማርክ ይሰጣል። ከአስር።

እስቲ ገምቱ። እኛ አገር ሰው ለጓደኛህ ማርክ ስጥ ሲባል ስንት ይሰጣል?

አስር።

የመጣውም አስር። ያልመጣውም አስር። ስሙን እንኳ በወጉ የማያውቁት አስር። ሶስና በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ መቶ ስልሳ ወረቀት ስታገላብጥ፣ አስር፣ አስር፣ አስር። እየሳቀች "እማማ፣ እዚህ ግቢ ኃጢአተኛ የለም" አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ምን ያስቃል? ዛሬ ሳስበው ምንም አያስቅም።

ከዚያ በፊት ግን ከሪፖርቶቹ ሁሉ አንዱ ልቧን ወስዶት ነበር። የአንድ ሮቤል የሚባል ልጅ ቡድን ነው። ሮቤል ቁመቱ መለሎ፣ ምላሱ ማር። የተማሪዎቹን ምግብ ለሚሠሩት ሴቶችና ለሰፈር እናቶች ስድስት ቅዳሜ ፊደል አስቆጠርን ብለው ጽፈዋል። ለየቅዳሜው ፎቶ አለው። ስድስት ፎቶ። ፎቶው ላይ ማን አለ መሰላችሁ?

እኔ።

ሶስና ፎቶውን ይዛ እየሮጠች መጣች። ፊቷ በርቷል። "እማማ፣ ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ፊደል ሲቆጥሩ እንዴት ለኔ አይነግሩኝም?" አለችኝ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። እዚያ ወጥ ቤት የምትሠራ ወለላ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። አንድ ቅዳሜ ነይ ልጆች ሊያስተምሩን ነው ብላ ይዛኝ ሄደች። አንድ ቅዳሜ። ደብተር ሰጡን፣ እርሳስ ሰጡን፣ ዳቦና ለስላሳ ሰጡን። ሀ ሁ ተባባልን። ከዚያ ሮቤል እናቶች ለፎቶ እንዘጋጅ አለ። ተነሳን። ልጆቹ ጃኬታቸውን ተለዋወጡ። እኛንም ሻሽ ተለዋወጡ አሉን። እኔ ቢጫውን ለወለላ ሰጠሁና የሷን አረንጓዴ አሰርኩ። ወደ መስኮቱ ዞራችሁ ተቀመጡ። ተነሳን። አሁን ደግሞ ነጠላ አውልቁ። ተነሳን። እየሳቅን ነው እንግዲህ። በአንድ ጠዋት ስድስት ቅዳሜ አደረጉን። ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውንም አላየነው።

ይሄንን ጉድ ያላወራሁበት ቦታ የለም። ወፍጮ ቤት አውርቻለሁ። ጸጉሬን ለምትሠራኝ አውርቻለሁ። ለቅሶ ቤት እንኳ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ድንኳን ውስጥ አውርቼ ሰው አስቄያለሁ።

መስማት ለነበረባትስ? ፎቶውን ይዛ ፊቴ ስትቆም ምን አልኳት?

"እንዴታ፣ ልጆቹ ወርቅ ናቸው" አልኳት።

ለምን? ለስላሳቸውን ጠጥቻለሁ። የሰው ልጅ በኔ አፍ አይጎዳም ብዬ። ይሉኝታ ነዋ። እኔም አስር ሰጠሁ ማለት ነው። ሶስና በኔ ቃል ላይ ተማምና ለቡድኑ ሙሉ ማርክ ሰጠች። ሪፖርቱንም ለዶክተሩ ወሰደችለት። ዶክተሩም ወደደው፣ ከላይ ለመጡ እንግዶች አሳየው፣ በሰው ፊት አመሰገናት።

ከዚያ ነው እነዚያ አስር በአስር የሆኑት የምስጢር ወረቀቶች የመጡት። ከዚያው ከሮቤል ቡድን አንድ ወረቀት ወጣ። ለሮቤል፣ ሁለት። ለሦስቱ ጓደኞቹ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። ለራሱም ሁለት። ሌላ አንዲት ቃል የለም። የጻፈው ታረቀኝ የሚባል፣ ከገጠር የመጣ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው።

ሶስና ተቆጣች። ልጁን ጠራችው። ምን አደረጉህ አለችው። እነሱ ሁሉ ላንተ አስር ሰጥተው አንተ እንዲህ ታደርጋለህ፣ አታፍርም፣ መሪ የሚሆን ሰው መጀመሪያ ቅናቱን ይገድላል አለችው። ሮቤልን መሪ አድርገው ስለመረጡት ነው አይደል አለችው። ልጁ ጫማውን ያያል። ስትጨርስ ቀስ ብሎ፣

"ስለ ራሴ የጻፍኩትስ ቲቸር?" አላት።

"እሱን አምኜሃለሁ" አለችው።

የዶክተሩ ሕግ እንዲህ ነው፤ ልጁ ለራሱ የሰጠው ጓደኞቹ ከሰጡት ካነሰ ያነሰው ይያዛል። ሰው በራሱ ላይ አይዋሽም ነው ነገሩ። ሶስና እስክሪብቶ አነሳች። ለአራቱ ልጆች የተሰጠውን ሁለት አንድ በአንድ ሰረዘች። አምስተኛውን ተወችው።

እስቲ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ምን አደረገች? አንድ ወረቀት ነው። አንድ እጅ ነው የጻፈው። ልጁ ስለ ራሱ የተናገረውን አመነች። ስለ ሌላው የተናገረውን ሰረዘች። ያው አንድ አፍ ራሱን ሲከስ እውነተኛ፣ ሌላውን ሲከስ ቀናተኛ ሆነ።

ደግሞ ልጅቷ ክፉ እንዳትመስላችሁ። ክፉ አይደለችም። እናንተም ብትሆኑ ያንኑ ነበር የምታደርጉት። እኔም።

ውጤት ተለጠፈ። ታረቀኝ ባለፈው ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነበረበት፣ ያቺ ሁለት ጎተተችውና ስሙ ከሚባረሩት ጋር ወጣ። ሶስና ሰሌዳው ላይ አየችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ መቀመጥ አቃታት። የታጠበ ልብስ ታጥባለች። ከቧንቧው እስከ ውጪው በር፣ ከውጪው በር እስከ ቧንቧው። ምግብ አቅርባ ተነስታ ትሄዳለች። እኔም በመጋረጃው በኩል እያየሁ፣ እሷ ስትቆም እቆማለሁ፣ ስትቀመጥ እቀመጣለሁ። ወንድ ጥሏት ይሆን ብዬ ነበር፣ ልዋሻችሁ? ጉዱን ለማወቅ ሻይ ይዤ ሄድኩ። አንድ ክፉ ልጅ ነበር፣ ጓደኞቹን በቅናት ሊጥል ሲል ራሱ ወደቀ፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም አይደል እማማ አለችኝ። ስለየትኛው ቡድን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም። አይደለም የኔ ልጅ፣ የዘራውን ነው ያጨደው አልኳት።

ሰምታችሁኛል? የዘራውን ነው ያጨደው። እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ።

በማግስቱ አርብ ነው። ጠዋት አዋሳ ያለው ልጄ በስልኬ ጽሑፍ ላከልኝ። እኔ ደግሞ ጽሑፍ ሲመጣ ስልኩን ለሶስና መስጠት ልማዴ ነው። ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና ዘረጋሁላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለች። "እማዬ እንደምን ነሽ" ብላ ጀመረች። ከዚያ ቆመች። ስልኩን መለሰችልኝ።

"እማማ፣ እርስዎ ያንብቡት" አለችኝ።

"መነጽሬን ሳልይዝ" አልኳት።

"ግንባርዎ ላይ ነው።"

ኪኪኪ ትላላችሁ። ሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅኩም። መነጽሬን ወደ ዓይኔ አወረድኩት። ጣቷን አንዲት ፊደል ላይ አድርጋ "ይቺ ማናት?" አለችኝ። በአንድ ቅዳሜ የትኛዋን ልወቅ? ስልኩን አየሁ፣ እሷን አየሁ፣ የተሰጣውን ልብስ አየሁ።

"አንድ ቅዳሜ ነው" አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ጃኬቱን፣ ሻሹን፣ መስኮቱን። አልጮኸችም። ብትጮህ በወደድኩ። ልብስ የያዘችበትን ባልዲ መሬት አስቀመጠችና "ታረቀኝ" አለች። በዚያው እርጥብ እጇ፣ በነጠላ ጫማ፣ ወጣች።

እኔም ተከተልኳት። ማን ይቀራል? ጉልበቴን ያመኛል፣ ያም ሆኖ ተከተልኳት። ዘበኛው በወለላ ያውቀኛል፣ አሳለፈኝ።

ከዩኒቨርሲቲ የሚባረር ልጅ እንዲሁ ሻንጣውን አንጠልጥሎ አይወጣም። አንድ ወረቀት ይዞ በየበሩ ያስፈርማል። መጽሐፍ አልወሰደም፣ ፈርም። ፍራሽ መልሷል፣ ፈርም። የምግብ ካርዱን አስረክቧል፣ ፈርም። ክሊራንስ ይሉታል። ታረቀኝን ሰልፍ ላይ አገኘነው። ሁሉንም አስፈርሟል፣ አንድ ፊርማ ነው የቀረው፣ የትምህርት ክፍሉ። ሻንጣው እግሩ ሥር ነው። ሻንጣ እንኳ አይባልም፣ በገመድ የታሰረ ማዳበሪያ ነው።

ሶስና ፊቱ ቆመች። ትንፋሿ ተቆራርጧል። ለምን አልነገርከኝም አለችው።

ልጁ ግራ ገባው። ሊያስቀይማት አልፈለገም።

"ነገርኩዎት እኮ ቲቸር" አላት። "ጽፌ ሰጠሁዎት።"

ሰልፉ ላይ ያሉት ልጆች ዘወር ዘወር አሉ።

"ስቆጣህስ? ያኔ አትናገርም?"

"ስለ ራስህ የጻፍከውን አምኜሃለሁ አሉኝ። ታዲያ የቀረውንም እያደሩ ያምኑታል ብዬ ጠበቅኩ።"

እናንተዬ፣ እኔ ግንብ ተደግፌ ይሄንን ሰማሁ። ስንት ዓመት ስብከት ሰምቻለሁ። እንዲህ ወግቶኝ አያውቅም።

ሶስና ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችና ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ ብላው ወደ ዶክተሩ ወጣች። እዚያ አልገባሁም፣ ግን ኋላ ቃል በቃል ነግራኛለች። ዶክተሩ መጥፎ ሰው አይደለም። አስቀመጣት። በደግነት ነው ያናገራት። እስካሁን የወደቀው አንድ ልጅ ነው፣ ይሄን ከከፈትሽው አምስት ይወድቃሉ፣ ለማን ይበጃል አላት። ሪፖርቱን እንግዶቹ አይተውታል አላት። ልጁ በሚመጣው ዓመት ያመልክት፣ እኔ አግዘዋለሁ አላት። ያቺ ቦታ ላይ ስምሽን ጽፌያለሁ፣ ሰኞ ነው የምልከው አላት።

አያችሁ? "ትሁን" አለላት። ስትጠብቃት የከረመችው ቃል መጣች። እጇ ላይ ናት። ምን ማድረግ ብቻ ነው ያለባት? ዝም ማለት። አንድ ፊርማ ፈርሞ ልጁን መሸኘት። ማን ያውቃል? እኔ፣ ወለላና ያወራሁለት ሰፈር። እኛ ደግሞ አስር ሰጥተናል።

ሶስና ግን ያንን የሰረዘችውን የታረቀኝን የማርክ ወረቀት ከፋይሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

"ዶክተር፣ እኔም እዚህ ወረቀት ላይ ብኖር ሁለት ነኝ" አለችው።

መጨረሻውን ልንገራችሁ፣ ግን ጣፋጭ አድርጌ አልነግራችሁም። አምስቱም ልጆች ሁለት ተሰጣቸው። የታረቀኝ ማርክ አልጨመረም፣ ለራሱ ያለውን ነው ያገኘው። ብቻውን መውደቁ ቀረ እንጂ። ነገሩ ወደ ስብሰባ ሄዶ፣ ውጤታቸው ተይዞ፣ ክረምቱን እዚያው ውለው ስድስቱን ቅዳሜ በእውነት ይሥሩ ተባለ። የታረቀኝ መባረርም ያ እስኪያልቅ ቆመ። ሠሩ። ሮቤል ስድስቱንም ቅዳሜ ባንድ ጃኬት መጣ፣ ፊቱን አኮሳትሮ። አራተኛው ላይ መሳቅ ጀመረ። ታረቀኝ ግን ጎበዝ አስተማሪ ሆኖ ተገኘ፣ በአዲሱ ማርክ ከዩኒቨርሲቲውም ሳይባረር ቀረ። እኔ ሁለቱን ቅዳሜ ጉልበቴን ብዬ ቀርቻለሁ፣ ስለዚህ አሁንም ብዙዎቹ ፊደሎች ያምታቱኛል። ይሄንንም ልናገር እንጂ፣ ምን ቀረኝ።

ሶስናስ? ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ማንም በዚያ ነገር ምክንያት ነው አላላትም። እቃዋን ስትጭን አለቀሰች። ትክክል ሠርቻለሁ ብላ ደስ አላላትም፣ እንዲህ ብዬ አልዋሻችሁም። እኔን አንዲት ቃል ሳትወቅሰኝ፣ ጉንጬን ስማ ሄደች። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ተቀምጬ አልቀመጥም።

እንግዲህ ነገሩ ወደናንተ ነው።

እናንተ የምትሰጡት ስንት ነው? ጎረቤት እንዴት ናት ስትባሉ፣ አስር። ልጅሽ እንዴት ነው ስትባሉ፣ አስር። ኅብረታችሁ እንዴት ነው ሲሏችሁ፣ ተባርከናል፣ አስር። ከዚህ ወጥታችሁ መንገድ ላይ ስትደርሱ ግን ሌላ ቁጥር ትናገራላችሁ። አውቃለሁ። ከናንተው ጋር ነዋ የምሄደው።

ይሄ አንዱ ነው። የባሰውን ልንገራችሁ?

እኅታችን እዚህ መጥታ፣ እያለቀሰች፣ እኔ በደለኛ ነኝ፣ ባሌን አስመርሬዋለሁ ስትል አመንናት። እንዴት እንዳመንናት። ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ አመናት። ያችው እኅት፣ በዚያው አፏ፣ አንቺም እኮ ምላስሽ ሰው ያቆስላል ስትልስ? ምን አልናት? ቀናተኛ። ነገረኛ። ሰረዝናት። ንስሐዋን ወስደን ተግሣጿን መለስንላት። እሷን የሚጥለውን ያዝን፣ እኛን የሚያነሳውን ጣልን።

ለምን አልነገራችሁኝም ትላላችሁ አንድ ቀን። ልጃችሁ ሲጠፋ፣ ትዳራችሁ ሲፈርስ፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አየኝ ትላላችሁ። ማን ነው ዝም ያለው? ተነግሯችኋል እኮ። አንዱ ደፍሮ ነግሯችኋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ራሱንም አብሮ ከስሶ፣ ነግሯችኋል። እናንተ ያመናችሁት ግማሹን ነው።

መሪ መሪ እንላለን። መሪ ጠፋ እንላለን። ቤታችሁን የሚመራው ማን ነው? እናንተ አይደላችሁም? ታዲያ ሁለት የሚላችሁ ሰው በቤታችሁ አለ ወይስ ሁሉም አስር ነው?

ዝም አትበሉኝ። ልባችሁ ውስጥ እየሰረዛችሁት የቆያችሁት አንድ ስም አለ። አሁን ስናገር መጣባችሁ፣ አይቻለሁ፣ አንዳንዳችሁ አንገታችሁን ደፍታችኋል። ያ ሰው ያላችሁን ታስታውሳላችሁ። ቃሉን ታስታውሳላችሁ። ቀኑንም።

ዓይን ጨፍነን እንጸልይ አልልም ዛሬ። ዓይን መጨፈን እናውቅበታለን። ግለጡት። ቀና በሉ። ሰውዬው እዚሁ አግዳሚው ላይ ከሆነ ወደ እሱ ሂዱ። ከሌለ ስልክ አላችሁ። ይቅርታ በሉ አላልኩም፣ እሱ ቀላል ነው፣ እሱን ሁላችንም እንችላለን። "ያን ጊዜ ምን ነበር ያልከኝ? ድገምልኝ" በሉት። ከዚያ ሳታቋርጡ ስሙት።

እኔም ሰው አለችኝ። ከኋላ በኩል ተቀምጣለች፣ ምን ልትለኝ እንደሆነም አውቃለሁ። ተነሥቻለሁ። እስቲ እግራችሁን ሰብስቡልኝ፣ ልለፍ።